የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ነገሥታት

ሮይስ አማንድሰን በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነበር። ከበሩ ሆኖ ላየው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል፤ የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ግን ተሰብሯል። ከወንበሩ አጠገብ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በትልቅ የፖከር ቁማር ውድድር አሸንፎ የተሸለመው የነሐስ ፈረስ በጎኑ ወድቋል። ስልኩ በቀኝ እጁ በኩል እንደተቀመጠ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ክፍሉን በረዶ አስመስሎታል፤ ከመስኮቱ ውጪ ግን የላስ ቬጋስ በረሃ በሐምሌ ፀሐይ ይንቀለቀላል።

መርማሪ ጆሊን ባራጋን በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ምንም አልነካችም። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የቁማር ቤት የካሜራ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ከጣሪያ ላይ ቁልቁል ካርታ የሚጫወቱ ሰዎችን ስታይ ኖራለች። ከዚያ ሥራ የቀረላት ዝም ብሎ ማየት ነው።

ሳጅን ሃርላን ከኋላዋ ሆኖ ሰዓቱን ተመለከተ። ወጣት ነው፤ ቀድሟት ከደረሰ አንድ ሰዓት አልፎታል።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ሟቹ አሥር ሰዓት ላይ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ከጨዋታው ተነሳ። እዚህ ገብቶ ቤቱን ለሚሸጥለት ደላላ ደወለ። ንግግራቸው ያለቀው አሥር ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ልጁ ጮኸች። በዚያ መሀል አራቱ ተጫዋቾችና ካርታ የምታድለው ሴትዮ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አምስቱም ይምላሉ።»

«ልጅቷስ?»

«ብቻዋን። ከጓሮ ሥጋ እየጠበስኩ ነበር ትላለች። ጠዋት ተጣልተዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

«ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ይቀራታል» አለች ጆሊን። «እሱን ስጠኝ።»

የሮይስ ልጅ ኮሪን ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት ፖሊስ ቆማባት ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጆሊን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ስለ ጠዋቱ ጠብ ጠየቀቻት። ኮሪን አልደበቀችም። አባቷ ቁርስ ላይ ነው የነገራት፤ የዛሬው የመጨረሻ ጨዋታው ነው፣ ቤቱንም ሸጦ ባሕር ዳርቻ ሊኖር ነው። ልቡ ከታመመ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሥራዋን ትታ አስታማዋለች። እኔስ ወዴት ልሂድ ብትለው፣ ወጣት አይደለሽ እንዴ አላት። በዚህ ጮኸችበት። ከዚያ በኋላ ለእንግዶቹ ሥጋ ልትጠብስ ወጣች፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጨዋታው የእረፍት ደወል ሲደወል ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አባቷን ልትጠራ ሄደች። ጭንቅላቱን አቅፋ አነሳችው። ደሙ የዚያ ነው።

ጆሊን እጅጌዋን አየች። ደሙ ከክርኗ በታች በውስጥ በኩል፣ ሰው ጭንቅላቱን በሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

«ከነዚያ ሰዎች ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

ልጅቷ ውሃ ጠየቀች። ውሃው ሲመጣም አልመለሰችም።

የጨዋታው ክፍል ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ሞላላ ጠረጴዛ አለ። በገንዘብ ምትክ የሚቆለሉት ባለቀለም ጠጠሮች በየወንበሩ ፊት እንደተደረደሩ ቀርተዋል። ከጎን ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አምስት ሳህኖች አሉ፤ አራቱ አልተነኩም፣ አንዱ ብቻ ተጎርሶለታል። ጆሊን ቢላ አንስታ ሁሉንም በየተራ ቆረጠች።

«ርቦሻል እንዴ?» አለ ሃርላን።

«ይሄን እየው።» የተጎረሰለት ሥጋ ውስጡ ገና ቀይ ነው። ቀጥሎ ያለው ከሰል መስሏል። ሁለቱ መሀል ላይ ሮዝ ናቸው። አምስተኛው የበሬ ሥጋ ሳይሆን ዶሮ ነው፣ እስከ አጥንቱ በደንብ በስሏል። «ሲቀርብ ሞቆ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅልኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስገባቸው። የት ነበርክ ብዬ ማንንም አልጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ልትጠይቂ ነው?»

«ካርታውን። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ምን ምን ካርታ እንደወጣ።»

ሃርላን የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን የምሯን ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚስታቸውን የልደት ቀን ሊረሱ ይችላሉ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ያጡበትን ካርታ ግን አይረሱም። ይህ ሙያቸው ነው።

መጀመሪያ የገባው ዴስ ፕሩዊት ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው። ሮይስና እሱ ሠላሳ ዓመት አብረው ተጫውተዋል፤ አንዱ በዓለም ሲታወቅ ሌላው እንደምንም እየተጫወተ ኖረ። ቤቱ በቀዝቃዛ አየር ተሞልቶ እያለ የዴስ ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ የግራው ግን የእጁ አንጓ ላይ እንደተቆለፈ ነው። ጆሊን አየችው፤ ምንም አላለችም።

ኮሪንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደሚያውቃት፣ እጁ ላይ እንዳደገች ነገራት። ክፉ ነገር ከእሷ ይወጣል ብሎ ማመን እንደሚያቅተው ተናገረ። «ግን እኛ ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ነበርን» አለ። «እኔ ደወሉ እስኪደወል ከወንበሬ አልተነሳሁም። ምን ልበልሽ?»

ካርታውን ሲናገር ድምፁ ተረጋጋ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የወጡትን አምስት ስድስት የካርታ ዙሮች እንደ ጸሎት ደገመላት።

«የመጨረሻው፣ ከደወሉ በፊት ያለውስ?»

«እሱማ የዶክተሩ ነው። እኔ ገና ሲጀመር ካርታዬን ጣልኩ፤ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ እሱና ወጣቱ ራጂ። ራጂ ያለውን ሁሉ ገፋበት። ዶክተሩ ስንት ደቂቃ ሲያስብ ቆይቶ ጣለ። ምስኪን፤ ሁለት ንጉሥ፣ ያን የሚያህል ካርታ ይዞ።»

ዶክተር ባርተን ሌሂ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አራት ክሊኒክ አለው። ከጠረጴዛው ሰዎች በቁማር የማይኖር እሱ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከእውነተኞቹ ጋር ለመቀመጥ ይመጣል፤ ይሸነፋል፤ ደግሞ ይመጣል። ሮይስ ከሞተ በኋላ እንኳ ስለዚያ ዙር ሲያወራ አይኑ ይበራ ነበር።

«ሁለት ነገሥታት ነበሩኝ» አላት። «መርማሪ፣ ስንት ሰው ነው ሁለት ንጉሥ ይዞ መጣል የሚችለው? ተሰማኝ። ራጂ የተሻለ እንዳለው ተሰማኝ። ሁሉም አድንቀውኛል፣ ጠይቂያቸው።»

ከእሱ ቀጥሎ ራጂ ታንደን ገባ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁማር የተማረው ኮምፒውተር ላይ ነው። የዶሮው ሳህን የእሱ እንደሆነ፣ የበሬ ሥጋ እንደማይበላ ነገራት። ከዚያ ካርታዎቹን ከዴስም ፈጥኖ ዘረዘረ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«የምነግርሽ ለዶክተሩ ይነገራል?»

«ካልተገደድኩ አይነገርም።»

«ሲጥል ተናዶ ወረወረው። ካርታዎቹ የኔን ጠጠሮች መትተው ተገለበጡ። ሰባትና አራት። በማይረባ ካርታ፣ በባዶ እጅ፣ ሊያስፈራራኝ ነበር የፈለገው። ፖሌት ወዲያው ደፋቻቸው፤ እሱ ግን ዞር ብሎ ስለነበር አላየም። ከዚያ ዞሮ ‹ሁለት ንጉሥ ጣልኩ› አለን።»

«እናንተስ?»

«ምን እንበል? ‹ጎበዝ ዶክተር› አልነው።» ራጂ ትከሻውን ነቀነቀ። «ብናሳፍረው በሚቀጥለው ማክሰኞ የሚመጣ ይመስልሻል?»

ካርታ አዳይዋ ፖሌትም ሰባትና አራት አለች። የጨዋታው ሕግ የተጣለ ካርታ አይታይም ይላል፤ ስለዚህ ቶሎ ብላ ከቀሩት ጋር እንደቀላቀለችው ተናገረች። ማን ተነስቶ ማን ተቀመጠ ስትባል ግን እጇን ዘረጋች። ካርታውን የጣለ ሁሉ ይነሳል፣ ስልክ ያወራል፣ ይሸናል፣ ይመለሳል። ሁለት ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ገፍተው ሲፋጠጡ ባዶ ወንበር የሚያይ ሰው የለም። ሁላችንም ነበርን ያለችው ሌሎቹ ስላሉ ነው።

የመጨረሻዋ ቤቭ ስታኔክ ናት። ሃምሳ ዓመቷ፤ ሃያውን በቁማር ኖራለች፣ ሁለት ልጅ አሳድጋበታለች። ቀዩ ሥጋ የእሷ ነበር። ሲቀርብላት ገና እየተንጨረጨረ ነበር፣ አንድ ጊዜ እንደጎረሰች ነው የኮሪንን ጩኸት የሰማችው።

ጆሊን ስለ ዶክተሩ ካርታ ስትጠይቃት ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ሰባትና አራት። ግን እኔ አልነገርኩሽም። የኔን የቤት ኪራይ የሚከፍለው የዚያ ሰውዬ ኩራት ነው። ንጉሥ ነበረኝ ካለ፣ ንጉሥ ነበረው።»

«በኋላ እርስ በርሳችሁ አላወራችሁትም?»

«መቼ? ደወሉ ተደወለ፣ ምግቡ መጣ፣ ልጅቷ ጮኸች።»

ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ስትቀር ጆሊን ሁሉንም ወደ ጨዋታው ክፍል ጠራች። በየወንበራቸው እንዲቀመጡ አደረገች። ፖሌት በአዳይዋ ቦታ ተቀመጠች። ኮሪንን ያስቀመጠቻት በአባቷ ባዶ ወንበር ላይ ነው። ሃርላን በሩ ላይ ቆመ፤ ካቴናውን ከወገቡ አውጥቶ ይዞታል። ኮሪን አየችው።

«ሮይስ አሥር ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ በሕይወት ነበር» ብላ ጀመረች ጆሊን። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪን እዚህ ክፍል ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ገድላው ከሆነ ያላት ጊዜ አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ከጓሮ ወጥታ፣ ቤቱን አቋርጣ፣ አባቷን መትታ፣ ታጥባ መመለስ አለባት። ሳህኖቹን ግን እዩዋቸው። የቤቭ ሥጋ ጥሬ ነው ማለት ይቻላል፤ የዶክተሩ ከሰል ነው። የዴስና የፖሌት መሀል ላይ ናቸው። የራጂ ዶሮ ነው። እሳት ላይ አንድ ላይ ያሉ አምስት ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው በሰዓታቸው ወርደው፣ አምስቱም ትኩስ ሆነው ቀርበዋል። ይህን የሚሠራ ሰው ከምድጃው ሁለት ደቂቃ ቢርቅ የቤቭ ሥጋ የዶክተሩን ይመስል ነበር።»

ሃርላን ሳህኖቹን አየ፤ አይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ስለዚህ የገደለው ከዚህ ጠረጴዛ የተነሳ ሰው ነው። ሁላችሁም አልተነሳንም ብላችኋል። አንዳችሁ ዋሽቷል፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ሳታዩ መስክራችኋል።» ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ምን ነበር የያዙት?»

«ነግሬሻለሁ። ሁለት…» ዶክተሩ ፊታቸውን አየ። ራጂ ጣሪያውን ይመለከታል፤ ቤቭ ጠጠሮቿን ትነካካለች። አንገቱ ድረስ ቀላ። «ሰባትና አራት» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «አይታችሁ ነበር?»

«ሁላችንም» አለች ቤቭ።

«ሁላችሁም አይደላችሁም» አለች ጆሊን። «ራጂ ሰባትና አራት አለኝ። ፖሌት ሰባትና አራት አለችኝ። ቤቭም እንዲሁ። ካርታው ሲገለበጥ እዚህ የነበረ ሰው በሙሉ አይቶታል፤ ግን ዶክተሩን ላለማሳፈር ንጉሥ ነው ብሎ አድንቆታል። ከደወሉ ጋር ተመልሶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሰማው አድናቆቱን ብቻ ነው። አመነው። ዴስ፣ ሁለቱን ነገሥታት የት አየሃቸው?»

ዴስ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ረስቼው ይሆናል ልትለኝ ትችላለህ። የሌሎቹን ዙሮች ግን አንዲት ካርታ ሳታጎድል ነግረኸኛል። ሽንት ቤት ነበርኩም ልትል ትችላለህ፤ ግን አልተነሳሁም ብለህ ምለሃል። ቀኝ እጅጌህን አውርደው።»

ዴስ እጅጌውን ቀስ ብሎ ፈታው። ጨርቁ ታጥቦ ደርቋል፤ ስፌቱ ላይ ግን ቡናማ ነጥቦች ቀርተዋል።

«ልሰናበተው ነበር የሄድኩት» አለ። ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። «የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው ሲል ሆዴ ባባ። ሠላሳ ዓመት እኮ ነው። ስገባ ስልኩን ጨርሶ ነበር፤ ‹ተቀመጥ፣ ስጦታ አለኝ› አለኝ። ከዚያ ‹ባዶ እጅ ስትይዝ አውቅብሃለሁ፣ ምልክት አለህ› አለ። የቀለደ መሰለኝ። መቁጠር ጀመረ። ሬኖ ከተማ የነበረውን ቤቴን ያጣሁበትን ጨዋታ። ሚስቴ የሄደችበትን ዓመት። ሁሉንም ያውቅ ነበር። ቤቴን በወሰደ ሳምንት እኔን ለማጽናናት እዚህ ራት ጋብዞኛል፤ አልቅሼ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር።» ከፊቱ ያሉትን ጠጠሮች ገፋ። «ሳልችል ቀርቼ ነው የምሸነፈው እያልኩ ነው የኖርኩት። ጎበዝ ስላልሆንኩ። ምልክቱ ምንድን ነው አልኩት። ሳቀ። ‹እሱ ከኔ ጋር ይቀበራል› አለና ደላላው የሰጠውን ወረቀት ለማየት ዞረ። ፈረሱ አጠገቤ ነበር።»

ሃርላን አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ጆሊን በእጇ አስቆመችው፤ ኮሪን ልትናገር ነበርና።

«አጎቴ ዴስ» አለች። «እኔን ሲወስዱኝ ዝም ብለህ ልታይ ነበር?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ሁሌ ቀድሜ የምጥለው እኔ ነኝ። አንዴ እስከ መጨረሻው ልቆይ አልኩ።»

«በእኔ ተወራርደህ?»

ዴስ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«አውራ ጣትህ ነው» አለች ኮሪን።

«ምን?»

«ምልክቱ። ባዶ እጅ ስትይዝ፣ ስትዋሽም፣ አውራ ጣትህን በሌሎቹ ጣቶችህ ውስጥ ትደብቃለህ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ራት ስትመጣ አባዬ ስለ ጨዋታህ ይጠይቅህና በእግሩ ከሥር ይነካኛል። እኔ ጣትህን አይቼ እስቃለሁ። ዛሬም ለሳጅኑ ‹አልተነሳሁም› ስትለው ፊት ለፊትህ ቆሜ ነበር።»

ጆሊን ወደ እሷ ዞረች። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ እስር ቤትን ስትጠብቅ እንደቆየች አሰበች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እንዴት አወቅሽ ትይኝ ነበራ። የበላሁትና የተማርኩት ከዚያ ጣት ነው ልበልሽ?»

ዴስ እጁን አላየም። ያየው እሷን ነው፤ አሁን ገና የተዋወቃት ይመስል።

«ያኔ የምትስቂው» አለ፣ «ስለምትወጂኝ ይመስለኝ ነበር።»

«እወድህ ነበር። የምስቀው ግን በዚያ ነው።»

ዶክተሩ ኮቱን ፈለገ፤ መሄድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም ብሎ የሚጠይቀው ሰው አጣ። ቤቭ አይኗን በእጇ ጋርዳለች። ሃርላን ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከኮሪን ጋር ላለመተያየት እየጣረ፣ እጆችህን አለው።

ዴስ ፕሩዊት ከወንበሩ ተነሳ። ሁለቱንም እጆቹን ወደፊት ዘረጋ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው፣ አሥሩንም፤ ካቴናው እስኪዘጋም ድረስ እንደተከፈቱ ያዛቸው።